የጓዳው ባንድ ሽማግሌ ላከ

ነገሩን ያበላሹት ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም፤ አንዷ ደግሞ ሴት ናት። እኔ ለአንድ ቅዳሜ ፈቃድ እንዲጠይቁልኝ ነበር የለመንኩት። እነሱ መጥተው ዕድሜዬን በሙሉ ጠየቁ።

ከመጀመሪያው ልናገር፤ አላረዝመውም።

እናቴ ወይዘሮ ፋናዬ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ አካባቢ አሥራ አንድ ክፍል ያለው ገስት ሃውስ አላት። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። እህቴ ሄሊና አግብታ አዳማ ገባች። እኔ ስታትስቲክስ ተመርቄ "ሥራ እስክታገኚ" ተብዬ ሪሴፕሽኑ ላይ ተቀመጥኩ፤ ይኸው አራት ዓመቴ። ሥራ ሁለት ጊዜ አግኝቻለሁ። ሁለቴም የእናቴ ጉልበት ታመመ። ጉልበቷ አይዋሽም፣ እውነት ያማታል። የሚብስባት ግን እኔ ጫማ ሳደርግ ነው።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ቁጥር አለ። አውሮፕላን ሲነሳ መስኮቱ ስለሚንቀጠቀጥ እንግዳ አይወደውም ትላለች እናቴ፤ ባዶውን ነው የሚኖረው። ክራሬን የምመታው እዚያ ነው። ቀትር ላይ እሷ ጋደም ስትል ሹልክ ብዬ እገባና ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ እቀዳለሁ። የቀዳሁትን "ጓዳ" ለሚባል የቴሌግራም ግሩፕ እልካለሁ።

ጓዳ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው አለን። የከፈተው ገርጂ የሞባይል ዕቃ የሚሸጠው አብዱልገኒ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል። ስሙን ያወጣለት አብዛኞቻችን ከቤተሰብ ተደብቀን የምንጫወት ስለሆንን ነው። ሰኞ አንድ ሰው አንድ ዜማ ይጥላል። እስከ ዓርብ ሌላው የራሱን መሣሪያ እየቀዳ ይጨምርበታል። ሕጋችን አንድ ነው፦ አንድ ስህተት ሳይናገሩ ማድነቅ ክልክል ነው። እኔን እዚያ ያቆየኝ ይኸው ሕግ ነው። "ዋው፣ ጎበዝ" የሚልማ የትም ሞልቷል።

መጀመሪያ የላክሁትን ሰምቶ አንድ ዋሽንት ነፊ "ሦስተኛው ክርሽ ወርዷል። አውሮፕላኑ ደግሞ የኛ ነው፣ ይቅርታ" ብሎ ጻፈልኝ። ሌንጮ ይባላል። የአለልቱ ልጅ ነው። ኤርፖርት ካርጎ ይሠራል፤ ላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ከአራት ሰው ጋር አንድ ክፍል ይኖራል። እኔ ከምቀመጥበት ወንበር እሱ ጭነት እስከሚያነሳበት ቦታ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እኛ ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ የተጫወትነው በስልክ ነው።

እንዴት ወደድሽው ለሚለኝ፣ እንዲህ ነው። አንድ ማክሰኞ "ከስምንት ሰዓት ከአሥር እስከ ስምንት ተኩል ምንም አይነሳም። ቅጂ" ብሎ ላከልኝ። ቀዳሁ። አንድም አውሮፕላን አልመጣም። በማግስቱም ላከ፤ ከዚያም በየቀኑ። ሌላው ወንድ ግጥም ይልክ ይሆናል። ሌንጮ የሚልክልኝ ፀጥታ ነበር፤ በደቂቃ ተለክቶ። አንድ ቀን ረስቶ ሳይልክ ቀረ፤ ያን ቀን ከሰማይ የመጣ ድምፅ ሁሉ ከሌላ ሴት ጋር ያየሁት ይመስል ሲያናድደኝ ዋለ።

ፈረቃው ሲያልቅ ከበራችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሚሪንዳ ይጠጣል። እኔ በመስታወቱ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል። ጠርሙሱ ያልቃል፣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ደፍሮ ገባ። ሪሴፕሽኑ ላይ እናቴ ነበረች።

"ክፍል ፈልገህ ነው?" አለችው።

"አዎ... ማለቴ ዋጋ ልጠይቅ ብዬ።"

ነገረችው። "እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። እኔ የፎጣ ቁልል ተሸክሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንደዚያ ተቀራርበን አናውቅም፤ ሦስት ሜትር አይሞላም። ፊቴን ፎጣው ውስጥ ቀበርኩ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር እስካሁን አላወቅሁም።

*

የዛሬ ሁለት ሳምንት አብዱልገኒ ወሬ ይዞ መጣ። ገርጂ ያለ አንድ ምግብ ቤት ጓሮውን ለቅዳሜ ሊሰጠን ተስማማ። ከአርባ ሦስቱ ሰባታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያይተን፣ ሰው ፊት ልንጫወት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። የመጀመሪያው ዜማ የሚከፈተው በክራር ብቻ ነው። ክራሩ ደግሞ እኔ ነኝ።

ክራር የሚለውን ቃል ዘልዬ "ጓደኞቼ ጋ ልሂድ" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። "ቅዳሜ እንግዳ ይበዛል" አለች፤ ጉልበቷን እያሸች።

ረቡዕ ለጋሽ ሃይለኣብ ደወልኩ። ጋሽ ሃይለኣብ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የጓዳ ሳክስፎን እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ እንደ አስተማሪ ሆነው እናቴን ያስፈቅዱልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ፤ ሦስት ሰዓት ይበቃኛል።"

"ለኔ ተይው፣ ልጄ" አሉ።

ስልኩን ዘግቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜ ምን እንደምለብስ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ተራ ነገር ደስ ካለኝ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የመስታወቱ በር ተከፈተ። ጋሽ ሃይለኣብ ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል። አብዱልገኒ ኮት ደርቧል፤ ኮቱ የሌላ ሰው መሆኑ እጅጌው ላይ ያስታውቃል። ከኋላቸው ሄኒ ነበረች። ሄኒ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ባንክ ቤት ትሠራለች፣ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። በፎቶ ሁልጊዜ ጂንስ ነው የምትለብሰው። ያን ቀን የለበሰችው ጋቢ ነው።

ጋቢውን ሳይ ገባኝ። ለሽምግልና ነው የመጡት።

"ቤቶች!" ብለው ተጣሩ ጋሽ ሃይለኣብ፤ ገስት ሃውስ ውስጥ ቆመው።

እናቴ ከውስጥ መጣች። "ግቡ፣ ግቡ። ስንት ክፍል ነው?"

"ክፍል አይደለም፣ ወይዘሮ ፋናዬ።"

"እንግዲያስ ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም።"

አብዱልገኒ መቀመጥ ጀምሮ ነበር፤ ሄኒ ኮቱን ጎትታ አቆመችው። እናቴ ተራ በተራ አየቻቸው። ሄኒ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

"አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?"

"ሽማግሌ ነኝ፣ እትዬ።"

"አንቺ?"

"ሰው ጎደለ" አለች ሄኒ። "ሦስተኛው ደሴ ነው ያለው። በቪዲዮ ልግባ ብሎ ነበር፣ ጋሼ ነውር ነው አሉ።"

ጋሽ ሃይለኣብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጅዎን ልዩን ለልጃችን ለሌንጮ ቶሌራ ይስጡልን ብለን ነው የመጣነው።"

"ልጃችሁ ማነው?"

"ያውልዎት" አለ አብዱልገኒ በመስታወቱ እየጠቆመ። "ሚሪንዳ የያዘው።"

እናቴ ዓይኗን አጥብባ አየችው። "ዋጋ የጠየቀው!"

እዚያ ላይ መጮህ ነበረብኝ። ግን ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ ለስላሳ ታቀርባለች። ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስረሳም። ወደ ኩሽና ገብቼ ትሪ ላይ ጠርሙስ መደርደር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳስቀምጥ 'ሌንጮ ፈልጎኝ ሽማግሌ ላከ' ብዬ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሁለተኛውን ሳስቀምጥ 'ማንን ጠይቆ?' አልኩ። አግቢኝ ብሎኝ አያውቅም፤ በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በዋሽንትም። ሦስተኛውን ሳነሳ ደስታውን ፈለግሁት፤ የለም።

*

ትሪውን ይዤ ስመለስ አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

"ዘመዶቹ የት ናቸው?" ትላለች እናቴ።

"አለልቱ ናቸው። እዚህ ዘመዱ እኛ ነን" አሉ ጋሽ ሃይለኣብ።

"እናንተስ በምን ተዛመዳችሁ?"

"በስልክ" አለ አብዱልገኒ።

ጋሽ ሃይለኣብ በክርናቸው ነካ አደረጉት። "በሙዚቃ፣ ወይዘሮ። እሱ ዋሽንት ነው። ልጅዎም..." አሉና ቆሙ፤ እናቴ እንደማታውቅ ትዝ አላቸው።

"ክራሯን ነው?" አለች እናቴ። "አውቃለሁ።"

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁት።

"ምን ያስደነግጥሻል?" አለች ወደ እኔ ዞራ። "ዘጠኝ ቁጥርን ለምን የማላከራየው ይመስልሻል?"

"መስኮቱ..."

"የምን መስኮት! እንግዳው ኤርፖርት ቅርብ ነው ብሎ እኮ ነው የሚመጣው፤ አውሮፕላን መች ይፈራል? 'ተይዟል' እያልኩ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ የምትተነፍስበት ካጣች ትሄድብኛለች ብዬ።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ቀትር ላይ ተኝቼ አላውቅም፣ ልዩ። ወንበር አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ እሰማሻለሁ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ያችን ሰዓት ነው የምጠብቀው።"

ሄኒ በጋቢዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ማልቀስም መናደድም አልቻልኩም። አራት ዓመት የሰረቅሁት የመሰለኝ ነገር ለካ ተሰፍሮ ሲሰጠኝ ነበር። ነፃ ነኝ ያልኩባት ብቸኛዋ ክፍልም ቁልፏ እናቴ ኪስ ነበር።

"እንግዲህ" አሉ ጋሽ ሃይለኣብ፣ "ተመካክረው ቀን ይቁረጡልንና እንመለስ።" ሦስት ጊዜ ሊመላለሱ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ወጉ እንደዚያ ነው።

"ምን ያመላልሳችኋል? ሰጥቻለሁ።"

ሦስቱም ተያዩ። አብዱልገኒ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገርጂ እንደምንጫወት ነገራት።

"ግን ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም" አለች እናቴ። "እሱ ይግባ። ዘጠኝ ቁጥርን ይያዙ። ካርጎውን ትቶ ሪሴፕሽኑን ከእሷ ጋር ይፈራረቁ፤ እኔ ደክሞኛል። እናንተም ገርጂ ድረስ ምን አንከራተታችሁ? እዚሁ ሳሎን ተለማመዱ። እኔም እሰማለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ አብዱልገኒ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ሌንጮ ተደወለለት። ባዶ ጠርሙሱን እንደያዘ ገባ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጨንቆት መሬት ላይ አኖረው። ጎንበስ ብሎ የእናቴን ጉልበት ሳመ፤ ያንን የሚያመውን። የጠየቀችውን ሁሉ ነገሩት። በጆሮውም አንድ ነገር ነገረችው፤ አልሰማሁም።

"እሺ፣ እትዬ" አለ። "ሁሉንም እሺ።"

ወደ እኔ ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ ያበራ ነበር። የምወዳቸው ሰዎች በሙሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ፤ ስለ እኔ ደስ ብሏቸዋል። አየር ያጠረኝ እኔ ብቻ ነኝ።

*

"ና" አልኩት። ኮሪደሩ ላይ ቆምን።

"ሽማግሌ ስትልክ ማንን ጠየቅህ?"

"ግሩፑን።"

"እኔ ግሩፑ ውስጥ ነኝ። አላየሁም።"

"ሌላ ከፍተን ነው። ሰርፕራይዝ እንዲሆንልሽ።"

"ስንት ሰው አለበት?"

ወለሉን አየ። "አርባ ሁለት።"

"አርባ ሁለት ሰው ስለ እኔ ሲመክር 'ልጅቷስ?' ያለ አንድ ሰው ጠፋ?"

"ሄኒ ብላለች" አለ ቀስ ብሎ። "በድምፅ ብልጫ ተሸነፈች። ጋሼ ደግሞ ያላገባች ልጅ ወንዶች መሀል ትጫወት ብዬ እናቷን በምን አፌ ልጠይቅ፣ ምክንያት ያስፈልጋል አሉ። ምክንያቱማ አለ፣ እወዳታለሁ አልኩ።"

ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ ለኮሚቴ እንደቀረበ ሪፖርት ይሰማል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ሌንጮ፣ እኔ የፈለግኩት መውጣት ነው። ሦስት ሰዓት። ተመልሼ እመጣ ነበር።"

"አብረን ከሆንን መውጣት ምን ያደርግልሻል?"

"ለአንተ ይቀልሃል። በፈለግህ ሰዓት ትወጣለህ።"

"የት ነው የምወጣው?" አለ። "እኔ የት እንደምነፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? መናኸሪያው ጀርባ፣ አጥር ሥር። ረዳቶቹ 'ተው ሾፌሩን አታስተኛብን' እያሉ ይስቁብኛል። ቤት ልንፋ ብል ሁለቱ የሌሊት ፈረቃ ናቸው፤ ቀን ይተኛሉ። በሕይወቴ የራሴ በር ኖሮኝ አያውቅም፣ ልዩ። እናትሽ ዛሬ በር ሰጠችኝ። ከበሩ ኋላ ደግሞ አንቺ አለሽ። እንቢ ልበላት?"

እውነቱን ነው። ያሳመመኝም ይኸው ነው። እሱ መግቢያ ይፈልጋል፤ እኔ መውጫ። ሁለታችንም የቆምነው አንድ በር ላይ ነው።

"ጠይቀኝ ነው የምልህ።"

"ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?"

"ለአንተ? አዎ።" ሳላስበው ወጣ። "ለሪሴፕሽኑ ወንበር ግን አልልም።"

እጄን ያዘ። ጭነት ያሻከረው፣ ሞቃት እጅ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በስልክ ውስጥ ቀዳዳ ሲደፍንና ሲከፍት የሰማሁት ጣት። ባይለቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"እንግዲያው ዛሬ ሄደን እንጫወት" አልኩት። "ሌላውን ነገ እንነጋገርበታለን።"

የያዙኝ ጣቶቹ ላሉብኝ።

"ምን አለችህ በጆሮህ?"

"ዛሬ አምስት እንግዳ ይገባል አለችኝ። ልዩ አትሄድም፣ እኔም አልሄድም አልኳት።" ፈጥኖ ጨመረበት። "መጀመሪያ ቀን አላስቀይማት ብዬ ነው! ይቺ ቅዳሜ ትለፍ። ሌላ ቅዳሜ አለ፤ ዕድሜያችን ሙሉ አለ።"

ዕድሜያችን ሙሉ። ቆጠርኩት፤ ስታትስቲክስ የተማረ ሰው አመሉ ነው። በዓመት ሃምሳ ሁለት ቅዳሜ። ሁሉንም በመስታወቱ ውስጥ ተቀምጬ አየኋቸው፤ አጠገቤ ሌንጮ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበሯን ያወጣች እናቴ።

እጄን አወጣሁ። በዚያች ደቂቃም እወደው ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ለእናቴ ያለኝም ፍቅር ከዚህ አይለይም ነበር፤ ጥብቅ፣ ሞቃት፣ ትንፋሽ የማያስወጣ።

*

ዘጠኝ ቁጥር ገብቼ ክራሬን በከረጢቱ ከተትኩ። በሳሎኑ ሳልፍ ጋሽ ሃይለኣብ ምርቃት ላይ ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

"ወዴት ነው?" አለች እናቴ።

"ገርጂ።"

"ልዩ! ሽማግሌ ተቀምጦ?"

"ሽማግሌዎቹም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያው ናቸው፣ እማዬ።"

ሄኒ ጋቢዋን አውልቃ ማጣጠፍ ጀመረች። "በሕግ አምላክ፣ አንድ ስህተት ሳልናገር አልቀመጥም" አለች። "የኛ ስህተት እሷን አለመጠየቃችን ነው። ይህን ሳላስመዘግብ ለስላሳውን መጠጣቴም ነውር ነው።"

"ዝም በይ አንቺ" አሏት ጋሽ ሃይለኣብ፤ ግን አንገታቸውን ደፉ። "ልጄ፣ እኔ... ምክንያት ያስፈልጋል ብዬ ነው።"

"ምክንያቱ ክራር መቻሌ ነበር፣ ጋሼ።"

እናቴ ከወንበሯ ለመነሳት ጉልበቷን ያዘች። ልረዳት አንድ እርምጃ ተራመድኩና ቆምኩ። ዛሬ ከተራመድኩ ነገም እዚሁ ነኝ።

"ሪሴፕሽኑስ?" አለች። "ማን ይቀመጣል?"

"ሌንጮ። እሺ ብሎሻል እኮ።"

የቁልፉን ዘለላ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። አየው፤ ከዚያ እኔን አየ።

"መታወቂያ ሳታይ ቁልፍ አትስጥ" አልኩት። "ሁለት ቁጥር ውሃው እስኪሞቅ ይቆያል፤ እንግዳው እንዳይቆጣ አስቀድመህ ንገረው። ስልክ ከጮኸ በሁለተኛው ጥሪ አንሳ።"

"ልዩ፣ እኔም እኮ እጫወታለሁ። ዋሽንቱስ?"

"ፈረቃህን ስትጨርስ ይዘኸው ና።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"እኔም አራት ዓመት ስጠይቅ ነበር።"

ተቀመጠ። ምን ያድርግ? እሺ ብሏል። ወንበሩ ላይ ሲያርፍ ትከሻው እንደኔው ጎበጥ አለ፤ ወንበሩ ነው እንደዚያ የሚያደርገው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ የሚጠብቅሽ የለም" አለኝ።

"በእግሬ ነው የምሄደው።"

እናቴ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። በልጅነቴ ትምህርት ቤት በር ላይ ትታኝ ስትሄድ እኔ አያት እንደነበረው። እግሬ ግን አልቆመም።

በሩን ሳብኩት፤ ተከፈተ። ማንም አልያዘኝም። አራት ዓመት ሙሉም ማንም እንዳልያዘኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከሁሉ የመረረኝ እሱ ነው። ወጣሁና ከኋላዬ በሩን ዘጋሁት።